ቁጥሩ የሠንጠረዡ ነው ወይስ የዳታቤዙ?

ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ ሠንጠረዥ ስንፈጥር የየረድፉን መለያ ቁጥር «ሲሪያል» (በራሱ እየቆጠረ የሚሄድ) ብለን እንተወዋለን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ያ ቁጥር የማይደገመው በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ ነው። ደንበኛ ቁጥር 57 አለ፤ ክፍያ ቁጥር 57ም አለ። የሁለቱን ለውጥ በአንድ መዝገብ መከታተል ስትጀምሩ 57 የማን እንደሆነ ይጠፋችኋል።

ቀላሉ መፍትሔ ለሁሉም ሠንጠረዦች አንድ የጋራ «ሲኩዌንስ» (ቁጥር በተራ የሚያወጣ ቆጣሪ) መፍጠር ነው። ባንክ ውስጥ ሁሉም መስኮቶች የሚጠሩት የወረፋ ቁጥር ከአንድ ማሽን እንደሚወጣ ማለት ነው። የቁጥሩን ዓይነት ቢግኢንት (በጣም ትልቅ ሙሉ ቁጥር የሚይዝ) አድርጉት። የተራው ኢንቲጀር ጣሪያ 2,147,483,647 ነው፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ ሲቀዳ ደግሞ ቶሎ ይሞላል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቁጥሮቹ ይዘላሉ። ትራንዛክሽኑ (አንድ ላይ የሚጸድቅ ወይም የሚሰረዝ የለውጥ ጥቅል) ቢሰረዝም አንዴ የወጣ ቁጥር አይመለስም። ሳይዘለል መቀጠል ላለበት የደረሰኝ ቁጥር ይህን ባትጠቀሙ ይሻላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ሲኩዌንስ ቁጥር ያድላል እንጂ አይጠብቅም። አንድ ሰው በእጁ 57 ብሎ ቢያስገባ፣ ፕራይመሪ ኪይ (መለያ ቁጥር እንዳይደገም የሚከለክለው ደንብ) የሚያየው የራሱን ሠንጠረዥ ብቻ ስለሆነ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ በእጅ ማስገባትን ዝጉ።

መረጃው ከብዙ ሰርቨር የሚሰበሰብ ከሆነ ግን እኔ የምመርጠው 128 ቢት ያለውን ዩዩአይዲ (የጋራ ቆጣሪ የማያስፈልገው ረጅም መለያ) ነው፤ በተለይ 7ኛውን ስሪት። ጊዜን ከፊት ስለሚያስቀድም ኢንዴክሱን (የፍለጋ ማውጫውን) አይበታትንም። ፖስትግሬስ 18 ላይ አብሮ ተሠርቶ መጥቷል።