ቤርዜሊን መጀመሪያ ጠይቁት

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖች። ዛሬ ብዙም ስለማይሰበክለት አንድ ሽማግሌ እናውራ። ስሙ ቤርዜሊ ነው፣ የገለዓድ ሰው። ታሪኩን 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 እና 19 ላይ ታገኙታላችሁ።

ንጉሥ ዳዊት ዙፋኑን ሊወስድ ከተነሣበት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም ወደምትባል ከተማ ሲደርስ አብሮት ያለው ሕዝብ ተርቦ፣ ተጠምቶና ደክሞ ነበር። ያኔ መኝታ፣ ስንዴና ገብስ፣ ባቄላና ምስር፣ ማርና ቅቤ ይዘው ከመጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ቤርዜሊ ነው። ዕድሜው? 80። እኛ እኮ በዚህ ዕድሜ ያለን ሰው «እርስዎ ይረፉ፣ ይቀመጡ» ነው የምንለው። እሱ ግን ስደተኛ ንጉሥ ይመግብ ነበር።

ጦርነቱ አልፎ ዳዊት ሲመለስ ውለታውን ሊከፍል ፈለገ። «ከእኔ ጋር ኢየሩሳሌም ና፣ እኔ እጦርሃለሁ» አለው። ቤርዜሊ እምቢ አለ። የምበላው አይጣፍጠኝ፣ የዘፋኞች ድምፅ አይሰማኝ፣ ለንጉሡ ሸክም ከምሆን በከተማዬ፣ በአባቴና በእናቴ መቃብር አጠገብ ልሙት አለ፤ በእሱ ፈንታም ሌላ ሰው እንዲሄድ ለመነ። ዳዊት አልተጫነውም። ሳመው፣ መረቀው፣ ሸኘው።

እኛ ለአረጋውያን አገልግሎት ስንወጣ አብዛኛውን ጊዜ መክረን ጨርሰን ነው የምንሄደው። ምግብ እንወስዳለን፣ ፎቶ እንነሳለን (ይቺ የፎቶ ነገር ብትቀር ደስ ይለኛል)፣ እንመለሳለን። አረጋዊው የፈለጉት ግን ሐኪም ቤት አብሯቸው የሚሄድ፣ ቅጽ የሚሞላላቸው፣ ለጸሎት የሚያደርሳቸው ሰው ሊሆን ይችላል። ወይም ሥራ።

አዎ፣ ሥራ። ዘኍልቍ 8፥24-26 አንብቡ። ሌዋውያን፣ ማለትም በመገናኛው ድንኳን የሚያገለግሉት የሌዊ ነገድ ሰዎች፣ 50 ዓመት ሲሞላቸው ከከባዱ የድንኳን አገልግሎት ይወጣሉ፤ ቤታችሁ ግቡ ግን አልተባሉም፣ ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ጥበቃውን ይረዳሉ። ሸክሙ ወረደላቸው እንጂ ቦታቸው አልተነጠቀም። ቲቶ 2 ላይ ደግሞ አሮጊቶች ወጣት ሴቶችን እንዲመክሩ ታዘዋል። በእኛ ጉባኤ አረጋውያን የፊት ወንበር ይሰጣቸዋል፣ ሐሳብ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ታዲያ «ሥራ ስጧቸው» ማለት እርዳታውን ተዉት ማለት አይደለም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 መጀመሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች ይጡሩ ይላል፤ ጧሪ የሌላትን ግን ቤተ ክርስቲያን ትርዳ ይላል። ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ በዕለቱ ማዕድ መበለቶች ሲዘነጉ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አልገሠጹም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ፣ ስማቸውም ተጻፈ።

በእናንተ ጉባኤስ ይህን ጉዳይ የያዘው ማን ነው? «ሁላችንም እናየዋለን» ከተባለ የሚያየው የለም ማለት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ሦስት ሰው በስም ምረጡ፤ ከተመረጡት አንዱ ራሱ አረጋዊ ይሁን።