የአረጋውያን የልብ ቫልቭ፦ ደረት ይከፈት ወይስ በብሽሽት ይገባ?

እናት ወይም አባት ሰማንያን ሲጠጉ ሐኪሙ «የልባቸው ቫልቭ ጠቧል» ይላል። ያኔ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ ሁሉም የሰማውን ያወራል። እዚህ የማነሳው ከልብ ወደ ሰውነት ደም የሚያስወጣውን የአኦርታ ቫልቭ ነው። ሚትራል የሚባለው ሌላው የልብ ቫልቭ የራሱ ጣጣ አለው።

«በዚህ ዕድሜ ባይነኩ ይሻላል፤ በመድኃኒት ይያዝ።»

ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። በካልሲየም ደርቆ የጠበበን ቫልቭ የሚከፍት ክኒን የለም። ትንፋሽ ማጠሩን ያስታግስ ይሆናል፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ2010 «ፓርትነር» የተባለው ጥናት ውጤት ወጣ። ታማሚዎቹ ለቀዶ ሕክምና አይችሉም የተባሉ አረጋውያን ነበሩ። ቫልቭ በካቴተር (በደም ቧንቧ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ካልገባላቸው ከመቶ 51 ያህሉ በዓመት ውስጥ ሞቱ። ከገባላቸው 31 ያህሉ።

«ካቴተሩ አሮጌውን ቫልቭ አውጥቶ ይጥላል።»

አይጥልም። አዲሱ ቫልቭ ተጣጥፎ በብሽሽት ደም ቧንቧ ይገባል። ልብ ጋ ሲደርስ ይዘረጋል፤ አሮጌውን ወደ ዳር ገፍቶ እዚያው ይተወዋል። ቀዶ ሐኪም ግን አሮጌውን ቆርጦ ያወጣል፤ አዲሱን ይሰፋል። ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። የካቴተሩ ስላልተሰፋ አንዳንዴ በጠርዙ ደም ያሾልካል። የልብ ምት የሚተላለፍበትን መስመር ስለሚጫን ደግሞ ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል መሣሪያ) የሚገባላቸው አሉ። በቀዶ ሕክምና በኩል ደም መፍሰስና የምት መዛባት ይበዛል፤ ማገገሙም ሳምንታት ይወስዳል።

«ገና ሙከራ ላይ ነው።»

ፈረንሳዊው አላን ክሪቢዬ ሩዋን ከተማ ላይ የመጀመሪያውን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

«እንዲህ ቀላል ከሆነ ደረት መክፈት ለምን?»

ይሄኛው ጥያቄ ተገቢ ነው። ጥንካሬያቸው ጥሩ በሆነ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 73 በሆነ ሰዎች ላይ የተደረገው የ2019 ጥናት ካቴተሩ በአንደኛው ዓመት እንደሚበልጥ አሳየ። በአምስተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጠበበ። ቫልቩ ያረጃል፤ ገና ብዙ ዓመት የሚኖር ሰው ሁለተኛ ቫልቭ ሊያስፈልገው ይችላል። ለዚህ ነው የ2020 የአሜሪካ መመሪያ ከ65 በታች ቀዶ ሕክምናን፣ ከ80 በላይ ካቴተርን የሚያስቀድመው። በመሃል ያለው ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው። አውሮፓውያን በ2021 ካቴተር የሚቀድምበትን ዕድሜ 75 ላይ አድርገው ነበር፤ በ2025 ወደ 70 አወረዱት። ዕድሜ ብቻውንም አይወስንም። የእግር ደም ቧንቧ ከጠበበ፣ ሌላ ቫልቭም ከተበላሸ ወይም ባይፓስ (ለተዘጋ የልብ ደም ቧንቧ ማለፊያ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ካስፈለገ ደረት መክፈቱ ሊሻል ይችላል።

«ብረት ነው፤ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ያስውጣል።»

ይሄ ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ አገር በሩማቲክ የልብ ሕመም በወጣትነታቸው የብረት ቫልቭ የገባላቸውን እናውቃለን። በካቴተር የሚገባው ግን ክፈፉ ብረት ቢሆንም መዝጊያው ከእንስሳ ህብረ ሕዋስ የሚሠራ ነው። ሌላ ምክንያት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ አስፕሪን ይበቃል። ከከብት የሚሠራ አለ፤ ከአሳማ የሚሠራም አለ። አሳማ በሃይማኖት ለሚከብዳቸው እናት የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ከገባ በኋላ መስማቱ አይጣል ነው።