የቀዶ ጥገና ክፍል እርጥበት

የቀዶ ጥገና ክፍል አየር በጣም መድረቅም በጣም መርጠብም የለበትም። በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚሠራበት አሽሬ 170 የተባለው መስፈርት አንጻራዊ እርጥበቱን ከ20 እስከ 60 በመቶ፣ ሙቀቱን ደግሞ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ያደርገዋል። አንጻራዊ እርጥበት ማለት አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ምን ያህሉን እንደያዘ የሚናገር ቁጥር ነው።

ድሮ ትልቁ ፍርሃት ድርቀት ነበር። ኤተርና ሳይክሎፕሮፔን የሚባሉት ማደንዘዣዎች በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። በደረቅ አየር ጨርቅ ከጨርቅ ሲፋተግ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ያቺ ብልጭታ ፍንዳታ ልታስነሳ ትችላለች። ስለዚህ የክፍሉን እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ያቆዩት ነበር። እንደ ሃሎቴን ያሉ የማይቀጣጠሉ ማደንዘዣዎች ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሲመጡ ስጋቱ ቀለለ። ዝቅተኛው ገደብም በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከ30 ወደ 20 በመቶ ወረደ። ግን አንዳንድ አምራቾች ዕቃቸው ከ30 በመቶ በታች እንዳይቀመጥ ያዛሉ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መስፈርቱን ብቻ ማመን አይበቃም።

ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ግን ተቃራኒው ነው። ቀዶ ሐኪሙ ጋውንና ጓንት ለብሶ፣ ከመብራት ሥር ለሰዓታት ይቆማል። ይሞቀዋል፤ “ክፍሉን አቀዝቅዙልኝ” ይላል። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። 24 ዲግሪ ላይ 50 በመቶ እርጥበት የነበረው አየር፣ ውሃው ሳይቀነስለት ወደ 18 ዲግሪ ቢወርድ እርጥበቱ 72 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አንዲት ጠብታ ውሃ አልተጨመረም፤ የቀዘቀዘ አየር የሚይዘው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ነው። ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ ሊያርፍ፣ ጣሪያና ግድግዳ ላይ ሻጋታ ሊበቅል ይችላል።

መፍትሔው አየሩን ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ማድረቅ ነው። ማሽኑ በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ ያሳልፈዋል፤ ውሃው ተንጠባጥቦ ይወርዳል። ከዚያ አየሩ በልኩ እንደገና ይሞቃል። በጣም ቀዝቃዛ ክፍል ከተፈለገ እርጥበት የሚመጥ ኬሚካል ያለው ማድረቂያ ይጨመራል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ተራ ኤሲ ግን ለዚህ አይሆንም፤ የክፍሉን አየር መልሶ ያዞራል እንጂ ንጹሕ አየር ከውጭ አያስገባም።

ስለዚህ ሙቀትና እርጥበቱ ጎን ለጎን ይመዘገባሉ፤ ጠዋት፣ በሽተኛው ሳይገባ። ስቴራይል ፓኬጅ (ከጀርም ነጻ ተደርጎ የታሸገ መሣሪያ) ረጥቦ ከተገኘ አይከፈትም፤ ተመልሶ ይታጠባል፣ እንደ አዲስ ታሽጎ ስቴራይል ይደረጋል።