«ውሻ በበላበት ይጮኻል»፦ ተጫዋችስ ለማን ይጩህ?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለበት ሰው አይደሰትም። ሙገሳ አይደለማ! ደመወዝ የሚከፍለው ድርጅት ሲያጠፋ እያየ ጥብቅና የሚቆም ሰው ሲያጋጥም ነው የሚወረወረው። «ተወው እሱን፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባልና ክርክሩ እዚያው ይዘጋል።

መነሻው የግቢ ውሻ ነው። ሌሊት የሚጮኸው ፍትሕ ገብቶት አይደለም። ፍርፋሪ የሚጣልለትን ደጅ ስለሚያውቅ ነው። ሌባ ጎረቤት ቢገባ ተኝቶ ያድራል፤ የራሱ ግቢ አጥር ኮሽ ካለ ግን ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

አባባሉ ታዲያ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ትዝብት ነው፦ ሰው ወደ እንጀራው ያደላል። ሌላው ትእዛዝ ይመስላል፦ ከበላህ፣ ላበላህ ጩህ፤ ካልሆነም ዝም በል። አለቆች የሚወዱት ይሄኛውን ነው።

ይህ ሁለተኛው ትርጉም ፍጥጥ ብሎ የወጣው በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ክለብ ተጫዋች ኮሊን ካፐርኒክ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ከወንበሩ አልነሣም አለ። ምክንያቱ ፖሊስ በጥቁሮች ላይ የሚፈጽመው ግፍ ነበር። ከዚያ ኔት ቦየር ከሚባል የቀድሞ ልዩ ኃይል ወታደር ጋር ተነጋገረ። ቦየር ከመቀመጥ መንበርከክ ይሻላል አለው፤ ወታደር በወደቀ ጓደኛው መቃብር ፊት ይንበረከካላ። በቀጣዩ ጨዋታ ካፐርኒክና የቡድን ጓደኛው ኤሪክ ሪድ አንድ ጉልበታቸውን መሬት አስነኩ።

በዓመቱ የሌላው የሊጉ ክለብ የዳላስ ካውቦይስ ባለቤት ጄሪ ጆንስ ባንዲራ ያላከበረ ተጫዋች አይሰለፍም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። አባባላችንን ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሐሳቡ ግን ቁርጥ እሱ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ብዙ ሰው «ሕገ መንግሥቱ የመናገር ነፃነት ሰጥቶት የለ!» ይላል። ሰጥቶታል፤ ግን ይህን ነፃነት የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚይዘው የመንግሥትን እጅ ነው። የግል ቀጣሪን እጅ አይይዝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1943 በወሰነው መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪን ለባንዲራ ሰላምታ ስጥ ብሎ ማስገደድ አይቻልም። የአሥር ዓመት ልጅ በሕገ መንግሥቱ ተከልሎ ቁጭ ማለት ይችላል፤ ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ተጫዋች ግን ያንኑ መብት በክለቡ ላይ ሊያነሣ አይችልም። እኔን ሁሌም ይገርመኛል። እርግጥ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች የሠራተኛን የፖለቲካ ተሳትፎ ከቀጣሪ ጫና የሚጠብቅ ሕግ አላቸው። በሥራ ሰዓት፣ ማሊያ ለብሶ ለሚደረግ ተቃውሞ እስከ ምን ይሠራል የሚለው ግን ያከራክራል።

እስካሁን ሕጉ ወደ ተረቱ ያደላ ይመስላል። ነገር ግን የቀጣሪ ሥልጣን ከሰማይ አልወረደም፤ ከውል ነው የሚመጣው። ውል ደግሞ ሁለት ወገን አለው። በ1996 የዴንቨር ናጌትሱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማህሙድ አብዱል-ራኡፍ ለመዝሙር አልቆምም ሲል፣ የቅርጫት ኳሱ ሊግ ኤንቢኤ ቁሙ የሚል ደንብ በእጁ ነበር። አገደው። አንድ ጨዋታ ካመለጠው በኋላ ተስማሙ፤ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይጸልይ ጀመር።

ኤንኤፍኤል ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ ደንብ አልነበረውም። የክለብ ባለቤቶቹ በሜይ 2018 አንድ አወጡ፦ ሜዳ የወጣ ይቁም፣ ያልፈለገ መልበሻ ክፍል ይቆይ፣ ካልሆነ ክለቡ ይቀጣል። የተጫዋቾች ማኅበር «ሳታማክሩን?» ብሎ አቤቱታ አስገባ። በጁላይ ደንቡ እንዲቆም ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። አያችሁ፣ የመንበርከክ መብት አለኝ ብሎ ከመሟገት ይልቅ ይህ ነገር በድርድር መምጣት ነበረበት ማለቱ ነው ያዋጣቸው።

ደግሞስ የሚያበላው ማን ነው? ተረቱ አንድ ጌታና አንድ ደጅ ነው የሚያውቀው። በ2020 የጸደቀው የኤንኤፍኤልና የተጫዋቾች ማኅበሩ የኅብረት ስምምነት ከሊጉ ገቢ 48 በመቶ ያህሉን ለተጫዋቾች ይመድባል። ገንዘቡ የሚመጣው ከቴሌቪዥንና ከተመልካች ነው። ብዙዎቹ ስታዲየሞች የተሠሩትም በከፊል በግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። ባለቤቱ ብቻውን «እኔ ነኝ ያበላሁት» ሲል ትንሽ ያስቃል።

በእኔ እምነት ቀጣሪ በጨዋታ ሰዓት ላይ ደንብ ማውጣቱ ነውር የለውም፤ አስቀድሞ ከተነገረና ከማኅበሩ ጋር ከተመከረበት። (የማራቶን ሯጩ የፈይሳ ሌሊሳ ጉዳይ ሌላ ነው። በሪዮ 2016 እጆቹን አጣምሮ ሲገባ ከፊቱ የነበረው የኦሊምፒክ ደንብ እንጂ ቀጣሪ አልነበረም፤ የብር ሜዳሊያውም አልተነጠቀም።) የሚከብደው ደንብ ሳይኖር በዝምታ መቅጣት ነው። ካፐርኒክ በ2017 ከክለቡ ከተለየ ወዲህ የቀጠረው ክለብ የለም። ባለቤቶቹ አድመውብኛል ብሎ ከሰሰ፤ በፌብሩዋሪ 2019 በስምምነት ተዘጋ፣ የገንዘቡ መጠንም ምስጢር ሆነ። በጁን 2020 የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል ተጫዋቾቹን ቀድመን ባለመስማታችን ተሳስተናል አለ። የካፐርኒክን ስም ግን አላነሣም።