ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትወረወራለህ።» ብዙ ሰው የዚህን ተረት ፍቺ ከወጥ ቤት ይፈልገዋል። እኔ ግን ቦታው ገበያ ነው ባይ ነኝ። የዛሬውን የተፈጨ ጨው ማን ከድንጋይ ጋር ያምታታዋል? የጥንቱን አሞሌ ግን በእጁ ያልያዘ ሰው ከሩቅ ቢያየው ድንጋይ ነው ቢል አይፈረድበትም።

አሞሌ ከአፋር ረባዳ ምድር፣ ከዳሎል አካባቢ ተፈልፍሎና ተጠርቦ እንደ ቢላ መሳያ ድንጋይ ረዘም ብሎ የሚበጅ የጨው ጡብ ነው። በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ጨው ሊያመጡ የሚወርዱበት ጉዞ አርሆ ይባላል። በመካከለኛው ዘመን ይህ ጡብ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዋጋውን ጽፎልናል። ጨው በሚወጣበት ስፍራ 120 ወይም 130 ጡብ በአንድ ድራም (ጥቂት ግራም በሚመዝን) ወርቅ ይሸጥ ነበር። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ጨው እየተወደደ ሄዶ፣ ንጉሡ ከሰፈረበት ሲደርስ በዚያው ወርቅ የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት ጡብ ብቻ ነው። በክረምት ደግሞ አምስት!

እንግዲህ ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት ተሸክመው ያመጡት ጡብ፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ ባይጣፍጥ ምን ይደረጋል? በመልኩ ከድንጋይ አይለይም፤ የሚለየው ጣዕሙ ነው። ተረቱም የሚያስፈራራው በዚሁ ነው፤ ጣዕም ከሌለህ ስምህም ይቀየራል፣ ማንም አንስቶ ይወረውርሃል።

በማቴዎስ ወንጌልም አልጫ የሆነ ጨው ወደ ውጭ ይጣላል፣ በሰውም ይረገጣል። የእኛ ተረት ግን ጨውን ራሱን «ሆይ» ብሎ ጠርቶ ይመክረዋል። «ለወጡ ስትል» አላለውም፤ «ለራስህ ስትል» አለው። እኔ ከተረቱ አብልጬ የምወደው ይህችን ነው። ወጡ ሌላ ጨው ያገኛል፤ ስሙን የሚያጣው ጨው ነው።

ስለዚህ ተረቱ ለሰነፍ ሁሉ አይነገርም። የሚነገረው ችሎታው እያለው ለሚለግም፣ «ለማን ብዬ» እያለ እጁን ለሚያጣጥፍ ሰው ነው፤ ለምሳሌ አለቃውን ሊያናድድ ሲል የሚያውቀውን ሥራ ለሚያበላሽ ባለሙያ።