«ጨረሩን ያዞራል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ ስለተደጋገመ አንድ ጊዜ ልጻፈው። በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ አንቴና ጨረሩን (ወደ አንድ አቅጣጫ አጠንክሮ የሚልከውን የሬዲዮ ሞገድ) ያዞራል ሲባል፣ አንቴናው ራሱ የግድ ይሽከረከራል ማለት አይደለም። ቆሞም ያዞራል።

ምስጢሩ መዘግየት ነው። ትንንሽ አንቴናዎች ተደርድረው አንድ ዓይነት ሞገድ ሲልኩ፣ ሁሉም እኩል ከጀመሩ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ትንሽ ከዘገየ ግን ጨረሩ ወደዘገዩት በኩል ያጋድላል። በ10 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 3 ሴንቲ ሜትር ነው። አንቴናዎቹን በ1.5 ሴንቲ ሜትር አራርቀን እያንዳንዱን ከቀዳሚው በሩብ ሞገድ ብናዘገየው ጨረሩ 30 ዲግሪ ያዘነብላል። በቃ፣ ሒሳቡ ይኸው ነው።

ኪስ የሚጎዳው ለእያንዳንዱ አንቴና የራሱን ኤሌክትሮኒክ ማዘግያ መግጠም ነው። ፕሪንተሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሞገድ በፕላስቲክ ውስጥ ከአየር ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ውፍረቱ ወይም የውስጡ ክፍተት ከቦታ ቦታ የሚለያይ ሌንስ ይታተማል። ከኋላው ብዙ ምንጮች (ሞገዱን የሚልኩ ትንንሽ አንቴናዎች) ይቀመጡና የትኛው እንደበራ ጨረሩ አቅጣጫውን ይለውጣል። (ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፦ ፕላስቲኩ ከታተመ በኋላ አይለወጥም፤ የሚቀያየረው ምንጩ ነው።)

የመዘግየቱና የማዘንበሉ ዝምድና የትም ያው ነው። የሚለያየው ቁሱ ነው። አንድ ዓይነት ፋይል በሌላ ፕላስቲክ ወይም በሌላ የውስጥ ሙሌት ሲታተም ሞገዱን የሚያዘገየው በሌላ መጠን ነው። ስለዚህ ሌንሱን ከማተማችሁ በፊት ከዚያው የፕላስቲክ ጥቅል ትንሽ ቁራጭ አትሙና ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ ለኩ።