ቮይስ ኦቨር ምንድን ነው? የጆን ኔትልስን ድምፅ ተከትለን

ቮይስ ኦቨር ተናጋሪው ሳይታይ በምስል ላይ የሚሰማ ንግግር ነው። የሳሙና ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ዋጋውን የሚነግረን ድምፅ ቮይስ ኦቨር ነው፤ በዘጋቢ ፊልም ውስጥ አንበሳዋ ለምን እንዳደፈጠች የሚያስረዳንም እንዲሁ። ከድቢንግ ጋር ግን አይምታታ። ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ የቱርክ ተዋንያንን አማርኛ ሲያናግር ያየነው ድቢንግ ነው፤ እዚያ ድምፁ የገጸ ባሕርዩ ነው፣ ከከንፈሩ እንቅስቃሴም ጋር መግጠም አለበት። ተራኪ ከማንም ከንፈር ጋር ጉዳይ የለውም። እሱ ምስሉና ተመልካቹ መካከል ገብቶ፣ ያ የሚታየው ነገር እንደ ቀልድ ይታይ ወይስ እንደ መርዶ የሚለውን ይወስናል።

እንግሊዝ አገር ይህ ሥራ በብዛት የሚሄደው ወደ ቴሌቪዥን ተዋንያን ነው። ድምፃቸው ስላማረ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ድምፁ የሚያምር ሰው ለንደን ሞልቷል። ዋናው ነገር ተመልካቹ ያንን ድምፅ ቀድሞ ያውቀዋል፣ ከሚያምነው ገጸ ባሕርይም አፍ ሰምቶታል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነን ጆን ኔትልስ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኔትልስ በ1943 በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል ውስጥ ሴንት ኦስቴል በምትባል ከተማ ተወለደ። ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የገባው ታሪክና ፍልስፍና ሊያጠና ነበር፤ ትወናን የቀመሰው እዚያ ነው። ከምረቃ በኋላ በመድረክና በቴሌቪዥን ሚናዎች ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1981 ቢቢሲ «በርዠራክ» በተሰኘው የፖሊስ ድራማ መሪ ተዋናይ አደረገው። ታሪኩ የሚካሄደው በጀርዚ ነው፤ ከእንግሊዝ ይልቅ ለፈረንሳይ የምትቀርብ ትንሽ ደሴት። መርማሪው ጂም በርዠራክ ከሚስቱ የተፋታ፣ ከመጠጥ ጋር የታገለ ሰው ነው። ድራማው እስከ 1991 ዘለቀ። ከዚያ ኔትልስ ወደ መድረክ፣ ወደ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ተመለሰ። በ1997 ደግሞ ሌላ ፖሊስ መጣ፤ በ«ሚድሶመር መርደርስ» ዋና ኢንስፔክተር ቶም ባርናቢ። እስከ 2011 በ81 ክፍሎች ተጫወተው።

ባርናቢን ላላያችሁት፦ አበባና አጥር ብቻ በሚታይባቸው ሰላማዊ መንደሮች ውስጥ በየሳምንቱ ሰው ይገደላል፤ ባርናቢ ግን አይጮኽም፣ አይሮጥም፣ ማታ ሚስቱ ጋ ገብቶ እራቱን ይበላል። ይህ ርጋታ ከገጸ ባሕርዩ ወደ ተዋናዩ ድምፅ ተላለፈ። አሁን ያ ድምፅ ስለ ምንም ነገር ቢናገር «አይዞህ፣ ነገሩ በቁጥጥር ሥር ነው፤ ግን የሚያስቅ ነገር አለበት» የሚል ይመስላል።

«ኤርፖርት» በተባለው የቢቢሲ ተከታታይ የእሱ ትረካ ለምን እንደተስማማ የገባኝ በዚህ መንገድ ነው። ተከታታዩ በ1996 የጀመረ፣ የለንደኑን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞችና መንገደኞች የሚከታተል ነበር። ያኔ ቀላልና ርካሽ ካሜራዎች በመምጣታቸው ፊልም ሠሪዎች ተራ ሰውን ወሩን ሙሉ መከተል ችለው ነበር፤ በዘጋቢ ፊልምና በተከታታይ ድራማ መካከል ያለ አዲስ ዓይነት ፕሮግራም የእንግሊዝን ቴሌቪዥን አጥለቀለቀው። ግን ካሜራ ፊት ቆሞ የሚያስረዳ አቅራቢ የለም። የጠፋ ሻንጣ፣ የዘገየ በረራ፣ ኬላ ላይ የተያዘ እንስሳ፣ እነዚህን ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያያይዛቸው አንድ ክር ቢኖር የተራኪው ድምፅ ነው። በዚያ ፕሮግራም የሩሲያው አየር መንገድ የኤሮፍሎት ሠራተኛ የነበረው ጄረሚ ስፔክ ዝነኛ ሆኖ ወጣ፤ ስፔክ በተቆጣ መንገደኛ ፊት ላቡን ሲጠርግ ኔትልስ ከላይ ሆኖ፣ ሁለቱንም ሳይነካ፣ በአንዲት ደረቅ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። መርማሪ ሬሳ አይቶ እንደሚያልፈው ማለት ነው።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። ፊልሙ ተቆርጦ ተቀጥሎ ካለቀ በኋላ፣ ፕሮዲዩሰሩ ወይም ኤዲተሩ በራሱ ድምፅ ጊዜያዊ ትረካ ይቀዳበታል፤ ጽሑፉ በምስሉ ርዝመት መግባቱን ለማወቅ ነው። ከዚያ ተዋናዩ ይጠራል። ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ ማይክሮፎን፣ ስክሪንና ስክሪፕት፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ። በስክሪፕቱ ጠርዝ እያንዳንዱ አንቀጽ የሚጀመርበት ደቂቃና ሰከንድ ተጽፏል። ሰዓቱ ሲደርስ ትንሽ መብራት ይበራል፣ እሱም ይጀምራል። በእንግሊዝኛ ትረካ ሲጻፍ በሰከንድ 3 ቃል ያህል ይታሰባል። ስለዚህ ምስሉ 7 ሰከንድ ክፍት ቦታ ካለው ጸሐፊው 21 ቃል አለው ማለት ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ግን ሁሉንም አይጠቀምባቸውም። ማይክሮፎኑ ምሕረት የለውም። የወረቀት መገለባበጥ፣ የሸሚዝ እጅጌ፣ የራበው ሆድ ጉርጉርታ ሁሉ ይሰማል። አፍ ሲደርቅ ቃላት መሀል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይገባል፤ ውሃ ከጎን የማይጠፋው ለዚህ ነው። ፈገግታም ይሰማል፤ ከንፈር ሲሸሽ የአናባቢው ቀለም ይለወጣል፣ ተመልካቹም ምክንያቱን ሳያውቅ ይሰማዋል።

ተዋንያኑ የሚመረጡበት ሌላው ምክንያት ደግሞ ይህ ነው፦ ስክሪፕቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሳቸው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዴም ሲቀዱ ገና ያርሙታል። ያላጠኑትን ጽሑፍ በመጀመሪያ ንባብ እንደ ራስ ሐሳብ አድርጎ መናገር የመድረክ ልምድ ይጠይቃል። ክፍያውን ካነሳን፣ ድራማ ወራትን ይበላል፣ ትረካ ግን በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። በሁለት ቀረጻ መካከል ያለች አንዲት ከሰዓት በኋላ ትበቃለች። ፊት እያረጀ ሚና ሲቀንስም ድምፅ ይበልጥ የሚፈለግበት ጊዜ አለ።

እኛ አገር ትረካ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ እሱም የመድረክ ተዋናይ ነበር። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ግን ሥራው ከኔትልስ ሥራ በተቃራኒ ነበር። በሬዲዮ ሰውን፣ ቤቱን፣ ቁጣውን፣ ልቅሶውን ሁሉ ድምፁ መሥራት አለበት፤ ሌላ የሚሠራለት የለም። በቴሌቪዥን ግን ምስሉ ነገሩን ቀድሞ ብሎታል። ልቅሶ እየታየ «እያለቀሰች ነው» የሚል ተራኪ ተመልካቹን እንደ ዕውር ቆጥሮታል። የቴሌቪዥን ተራኪ ትልቁ ችሎታ መተው ነው፤ በእኔ አስተያየት ብዙዎቹ የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው።

ይህን ለመስማት ቴምዝ ቴሌቪዥን በ1973 እና 1974 ያሳየውን፣ 26 ክፍል ያለውን «ዘ ወርልድ አት ዋር» መክፈት ነው። ተራኪው ሎረንስ ኦሊቪዬ ነው፤ ሼክስፒርን ሲጫወት አዳራሽ የሚያናውጥ ሰው። የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው በፈረንሳይ የናዚ ወታደሮች በ1944 ሕዝቧን በጨረሷት መንደር፣ በኦራዱር ሱር ግላን ፍርስራሽ ላይ ነው። ኦሊቪዬ እዚያ አያለቅስም፣ ድምፁንም አያንቀጠቅጥም። ወታደሮቹ በየት እንደመጡ፣ ምን ያህል እንደቆዩ፣ አሁን ማንም እንደማይኖርባት በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይናገርና ባዶውን መንገድ ለዓይናችን ይተወዋል።

ድምፅ ማን መሆን አለበት የሚለውም ተለውጧል። ለረጅም ጊዜ የቢቢሲ ድምፅ የደቡብ እንግሊዝ ምሁራን አነጋገር ነበር። በ1941 ዊልፍሬድ ፒክልስ የተባለ ተዋናይ በዮርክሻየር ቅላጼ ዜና ቢያነብ አገሩ ጉድ አለ። በ2000 «ቢግ ብራዘር» ሲጀመር ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የመጣው ተዋናይ ማርከስ ቤንትሊ በሰፊው የአገሩ ቅላጼ ይተርክ ጀመር፤ ሕዝቡ ፕሮግራሙን ያለዚያ ቅላጼ ማሰብ እስኪያቅተው ድረስ ተለመደ። ኔትልስ የኮርንዎል ልጅ ቢሆንም በትረካው የሚጠቀመው ለስለስ ያለውን መደበኛ አነጋገር ነው።

ተራኪው ከመጋረጃው የሚወጣበት ጊዜም አለ። በ2010 ኔትልስ ጀርዚና ጎረቤት ደሴቶቿ ከ1940 እስከ 1945 በጀርመን ሥር ስለነበሩበት ዘመን ዘጋቢ ፊልም ሠራ፤ በ2012ም በዚያው ጉዳይ መጽሐፍ አወጣ። ያ በወጣትነቱ ያጠናው ታሪክ እዚህ ጠቀመው ማለት ይቻላል። ግን ከወራሪው ጋር የተባበሩ ደሴተኞችን ጉዳይ ማንሳቱ፣ ለአሥር ዓመት እንደ ልጇ ባየችው ደሴት ወዳጅ እንዳሳጣው ራሱ ተናግሯል። የአውሮፕላን ማረፊያው ተራኪ ሳለ እንዲህ ያለ ጠብ አይደርስበትም ነበር፤ የማይታይ ሰው የሌላ ሰው ጽሑፍ ያነባል፣ የሚታይ ሰው ግን ቃሉ የራሱ ነው።

ያልታየ ሰው በቀላሉ ይተካልም። ቢቢሲ በ1999 «ዎኪንግ ዊዝ ዳይነሶርስ»ን ሲያሳይ ተራኪው ኬኔት ብራና ነበር፤ አሜሪካኖች ያንኑ ፊልም ያዩት በአቨሪ ብሩክስ ድምፅ ነው። የ2006ቱ «ፕላኔት ኧርዝ» ዴቪድ አተንቦሮ የተረከው ሥራ ነው፤ ዲስከቨሪ ቻናል ግን አሜሪካ ውስጥ ሲያሳየው ሲጎርኒ ዊቨርን አስገባ። ምስሉ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፤ የፊልሙ ጠባይ ግን ተለወጠ።

ከተዋናዩ ተነጥሎ ለብቻው መኖር የጀመረ ድምፅ ቢኖር የቶም ቤከር ነው። የሊቨርፑሉ ተዋናይ ከ1974 እስከ 1981 «ዶክተር ሁ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ መሪውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። ከዓመታት በኋላ «ሊትል ብሪተን» የተባለው ኮሜዲ ያንን ከባድ፣ እንደ ሊቅ የሚጎርፍ ድምፅ ወስዶ የማይረባ ነገር አስነበበው፤ ቀልዱ ሁሉ ድምፁ የሚናገረውን አለማወቁ ላይ ነበር። በ2006 ደግሞ የስልክ ኩባንያው ቢቲ ቤከር የቀዳቸውን ድምፆች እየቆራረጠና እየገጣጠመ ወደ ቤት ስልክ የሚላኩ የጽሑፍ መልእክቶችን በእሱ ድምፅ አስነበበ። ልጅ ለእናቱ «ዛሬ አመሻለሁ» ብሎ ቢጽፍ ዶክተር ሁ ስልኩ ላይ ያነብላታል። ያኔ ሰው ሳቀበት፤ ቤከርም ስቱዲዮ ገብቶ ቀድቶ፣ ፈቅዶ ነው። አሁን ጥቂት ደቂቃ ቅጂ ብቻ ወስዶ ሰውዬው ያላለውን የሚያስብል ሶፍትዌር አለ። የብሪታንያ ተዋንያን ማኅበር ኢኩዊቲ በ2022 በዚህ ላይ ዘመቻ ሲከፍት የጠየቀው ፈቃድና ክፍያ ነው፦ ድምፁ ከመወሰዱ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ፣ በተሠራበት ቁጥርም ይከፈለው።